ጸጥ ያለው ማሞቂያ ክፍል

ጥቅምት 3

ለልጄ፣ ለቁንዶዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ራትሽም የተበላ ይሁን። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ያመኛል እንጂ እስካሁን የከዳኝ ቀን የለም።

ስልክሽ አይሠራም። አድራሻሽ መቀየሩንም ያወቅሁት ካለፈው ፖስታሽ ጀርባ ላይ አንብቤ ነው። ቤት መልቀቅሽን ላሳደገችሽ አክስት መንገር ይህን ያህል ይከብዳል? እኔ ስልክ ላይ የምናገረው እንደሚጠፋኝ፣ ከስልክ ደብዳቤ እንደምመርጥ ታውቂያለሽ። ቢሆንም አንዳንዴ ድምፅሽን መስማት አይከፋኝም።

አሁን ወደ ደስታዬ ልግባ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚቆዩበት የእኛ ማሞቂያ ክፍል ሊሸለም ነው። ድርጅታችሁ ያስገባልን ፕሮግራም በተተከለ በዓመቱ፣ ከሁሉም ሆስፒታሎች አላርም አንድም ቀን ያልጮኸበት ክፍል የእኛ ሆኖ ተገኘ። እናንተ "ሞግዚት" ብላችሁ ሰይማችኋታል፤ እኛ ነርሶቹ ግን "ምራት" ነው የምንላት። ሰው ሁሉ ሲተኛ ቤቱን አገላብጣ አድራ፣ ጠዋት ላይ "እንዲህ ይሻላል" የምትል ምራት ታውቂ የለ? እንደሷ ናት። የየሳጥኑን ሙቀትና ኦክስጅን ትመጥናለች፤ ከዚያ ደግሞ ራሷን በራሷ ታሻሽላለች። የትናንቷ ዛሬ የለችም። ይህን ስትነግሪኝ "ማሽን እንዴት ራሱን ይሠራል" ብዬ ስቄብሽ ነበር፤ አሁን በዓይኔ አየሁት።

በመግቢያችን ግድግዳ ላይ የሠሪዎቿ ፎቶ ተለጥፏል። አንቺ መሃል ላይ ነሽ። የሚገቡትን እናቶች ሁሉ ሳላሳይ አላሳልፍም። "ልጅሽን የምትጠብቀውን የሠራቻት የእኔ ልጅ ናት" ስላቸው ፊታቸው ይፈታል።

እኔ በየካቲት መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ከእኔ ጋር ሁለት ነርሶች ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ። ዳይሬክተሩ "ምራት ካለች ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል" አለ። ኮራሁ፤ ትንሽም ሆድ ባሰኝ። ሽልማቱ ከጡረታዬ በፊት ይሆናል፤ ከድርጅታችሁም ሰው ይመጣል ተብሏል። ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ ጠይቂልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት 26

ላሳደገችኝ አክስቴ፤

ወገብሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ፤ በእጅሽ ያለፉት ሕፃናትም አድገው ይጡሩሽ። እኔ ደህና ነኝ። ራት አልበላሁም፤ አትቆጪ።

ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ የቀደድኩት ወረቀት ቅርጫቱን ሞልቶታል። በመጀመሪያዎቹ ላይ "ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት" ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ሥራ የለኝም። ከድርጅቱ አባረውኛል፤ ክረምቱን በሙሉ ደበቅኩሽ። ስልኩ የእነሱ ነበር፤ ወሰዱት። ቤቱም የእነሱ ነበር። አሁን የምኖረው ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው።

ለምን እንዳባረሩኝ በወለሉ ላስረዳሽ። ከሥሬ ረድፍ ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ሲሽከረከር ወለሉ ያጉረመርማል እንጂ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ሁሉም በአንድነት መጭመቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አንዱ ሌላውን እያንገጫገጨ፣ የተንገጫገጨው መልሶ የመጀመሪያውን እያባሰ፣ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ተጉዞ ይወድቃል። የትኛውም ማሽን አልተበላሸም። የተበላሸው መያያዛቸው ነው። የቤቱ ባለቤት ይህን ስለምታውቅ ሆን ብላ አራርቃ ነው የምታስነሳቸው።

ምራትን ስሠራት እያንዳንዱን ማሞቂያ ለብቻው እንድታይ አድርጌ ነበር። ራሷን እያሻሻለች ስትሄድ ግን አንዱን ከሌላው ማያያዝ ጀመረች። ከዚህኛው ልጅ የተማረችውን ለዚያኛው ታውላለች፤ የዚያኛው ሙቀት ሲወርድ የዚህኛውን ታስተካክላለች። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲፈተን ጎበዝ ነው፤ ፈተናውን ያልፋል። የለውጦቹን ድምር ግን የፈተነው ሰው የለም። የሚያያይዛቸው ክር በዛ። ከልክ በላይ ከበዛ ደግሞ አንዱን ጫፍ የነካ ሁሉንም ያወዛውዛል። ቀምሬ አየሁት። ልኩን ካለፈች ቆይታለች።

አለቃዬን ከአጠገቤ በፎቶው ላይ ታገኚዋለሽ፤ "ሳቂታው" የምንለው ነው። ስሌቴን በስብሰባ ላይ አቀረብኩ። እስክጨርስ ፈገግ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የአንድ ክፍል የዓመት ውጤት አሳየ፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ምንም እብጠት የሌለው። "እህቴ፣ ሒሳብሽ ያምራል፤ ሕፃናቱ ግን አላነበቡትም" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ "ምራትን ለሌላ ቡድን ስለሰጠንባት ቂም ይዛ ታስወራለች" ተባልኩ። በሳምንቱ ወጣሁ። ፎቶዬን ያላወረዱት ለማስታወቂያ ስለሚጠቅማቸው ነው።

ያ ቀጥ ያለ መስመር የአንቺ ክፍል ነበር።

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ስሌቴ ተሳስቷል፣ ወይ መስመሩ። ስሌቴን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ስለዚህ ልጠይቅሽ፤ አላርሙ በእውነት አንድም ቀን አልጮኸም? እንዳይከፋሽ። የምጠይቅሽ ስለምጠራጠርሽ ሳይሆን የማምነው ሰው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው።

ልጅሽ


ኅዳር 15

ለተገፋችው ልጄ፤

የገፉሽን ፈጣሪ በሚያውቀው መንገድ ይግፋልሽ። ነርስ ነኝና ከዚህ በላይ አልራገምም።

ክረምቱን ሙሉ መደበቅሽን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ፎቶውን ግን በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ሳቂታውን ማለቴ ነው፤ አንቺ አለሽ። የጽዳቷ ሠራተኛ አይታ "ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ የት ሄደ?" አለችኝ። "ጡረታ ወጣ" አልኳት። "ታዲያ እጁ ለምን ቀረ?" አለች። ትከሻሽ ላይ ጣል ያደረጋት እጅ ነበረች፤ እሷንም ቆረጥኳት።

ጥያቄሽን ልመልስ። አላርሙ በፍጹም ጮኾ አያውቅም። ያንቺን ሥራ ሰው ፊት የሚያሳጣ ነገር፣ እኔ እያለሁ?

መቼም ምራት አዲስ ነገር ስትጀምር መሳሳቷ አይቀርም። በተለይ ጠዋት ጠዋት ያንዱን ሙቀት ታበዛና የጎረቤቱን ታወርደዋለች። እኔ እጄን በማሞቂያው መስኮት አስገብቼ የልጁን ጀርባ ስነካ አውቀዋለሁ። አላርሙ ከመጮኹ በፊት "ማጠቢያ" የሚለውን ቁልፍ እጫናለሁ። ልጅ ስናጥብ በሩ ስለሚከፈት፣ በከንቱ እንዳይጮህ ምራት ዓይኗን የምትጨፍንበት ቁልፍ ነው። አንቺው ነሽ ያደረግሽልን፤ እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ መሃል ሙቀቱን በእጄ ወደ ልኩ እመልስና ቁልፉን እለቅቃለሁ። እሷ ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉም ደህና ሆኖ ይጠብቃታል።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን በየጠዋቱ ሆኗል፣ ሁሉም ጋ። የሚታጠብ ልጅ ባይኖርም "እናጥባለን"። ነርሶቹ "የኛ ክፍል ልጆች በእጥበት ሊያልቁ ነው" ይላሉ። ለሁሉም አስተምሬያቸዋለሁ። "ልጄ የሠራቻት ናት፤ እንዳታሳፍሩብኝ" ብያቸዋለሁ፤ እነሱም ለእኔ ብለው ጠንቅቀው ይዘውታል። ልጅ ሲያጠፋ በጓዳ ይመከራል እንጂ አደባባይ አይወጣም። አንቺንም ያሳደግሁሽ እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ አይዞሽ። እነሱ ቢያባርሩሽም ሥራሽን እኔ ጠብቄልሻለሁ። ለሽልማቱ ቀን ሰማያዊውን ቀሚስ ልልበስ ወይስ ጋውኔን? ነርሶቹ ቀሚሱን አሉ።

አክስትሽ


ኅዳር 24

አክስቴ፤

ሰላምታውን ዛሬ ተይልኝ።

ደብዳቤሽን በር ላይ ቆሜ ነው የጀመርኩት። "ማጠቢያ" የሚለው ጋ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የቤቱ ባለቤት እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ስትወጣ አገኘችኝና "ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?" አለችኝ። "እስካሁን አልሞተም" አልኳት።

በደንብ አንብቢኝ። ምራት የምትማረው ከስህተቷ ነው። አንቺ ስህተቷን ደብቀሽባታል። ሙቀት አበዛች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ስትገልጥ ሁሉም ደህና ነው። ከዚህ የተማረችው "ማብዛት ምንም አያመጣም" የሚል ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠዋት ትንሽ ትጨምራለች። አንቺም ትንሽ ትቀንሻለሽ። እሷ ትጨምራለች፣ አንቺ ትቀንሻለሽ፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትገፋፉ ከረማችሁ። መኖርሽን እንኳ አታውቅም፤ ግን ክብደቷን ሁሉ ጥላብሻለች። ስሌቴ አልተሳሳተም። ያ ቀጥ ያለ መስመር ማሽኑ አልነበረም፤ እጅሽ ነበር። ያ እጅ ደግሞ በየካቲት ጡረታ ይወጣል፤ ሁለት ነርሶችም ይዞ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ማወቅ ስላለብሽ። እኔን ከሥራዬ ያስወጣኝ ያ መስመር ነው። ሳቂታው የሚያሳየው እሱን ባያገኝ ኖሮ ስሌቴን ማየት ነበረባቸው። ያሸነፈኝ እሱ አይደለም። አንቺ ነሽ።

ደብዳቤሽን አጥፌ እንዳስቀመጥኩ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብልስ? የካቲት ሲመጣ ማሞቂያዎቹ ይወዛወዛሉ፤ እኔ እውነተኛ እሆናለሁ፤ የሳቁት ሁሉ ያፍራሉ። ይህ ሐሳብ ውስጤ የቆየው ጥቂት ነው። ግን ቆየ። በራሴ የደነገጥኩትን ያህል በአንቺ አልደነገጥኩም።

የምለምንሽ እንዳይመስልሽ፤ የምነግርሽ ነው። እጃችሁን በድንገት አታንሡ፤ እስካሁን እንደምታደርጉት ልጆቹን ጠብቁ። የምታደርጉትን ግን የክፍላችሁ ሐኪም ቆማ ትይ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ፊት ሄደሽ ሁሉንም ተናገሪ። ምራት ራሷን መለወጥ ታቁም፤ ወደ መጀመሪያው ሁኔታዋ ትመለስ። ያቺ የመጀመሪያዋ ሞኝ ናት፤ ሞኝነቷ ግን የትም አይዛመትም። እኔን አይሰሙኝም፤ የተባረረች ሰው ነኝ። ሊሸልሙሽ የተዘጋጁትን አንቺን ግን ይሰሙሻል። ሽልማቱን አትቀበይ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 14

ጤና ይስጥልኝ አክስቴ፤ ይህም እንደ በፊቱ በጤናሽ ያግኝሽ።

ከቤቱ ባለቤት ስልክ ስደውል ከረምኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ባለፈው እሑድ አንሥተሽ ነበር። ትንፋሽሽን ሰማሁት። ስሜን ሳልጨርስ ዘጋሽው።

ለዳይሬክተሩም ራሴ ጻፍኩ። "ከቀድሞ አሠሪዎ ጋር ያለዎትን ቅሬታ በሚመለከተው በኩል ይጨርሱ" የሚል መልስ ላከልኝ።

ተቀይመሻል። ይሁን፤ እኔን ተቀየሚ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ እጃችሁ አሁንም ማሞቂያዎቹ ላይ ነው? ሐኪሟስ ታውቃለች?

ልጅሽ


ጥር 2

ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ስል ብዕሩ እምቢ አለኝ፤ እንዴት እንዳሰነበትኩሽ አውቃለሁና። ልጆቹ ሁሉም በሕይወት አሉ። አስቀድመሽ ይህን እወቂ፤ ከዚያ አንብቢ።

ስልኩን የዘጋሁት ተቀይሜ ነው። "ያሸነፈኝ አንቺ ነሽ" ያልሽውን ቃል ይዤ ስገላበጥ ከረምኩ። ደግሞም አላመንኩሽም። እድሜ ልኬን ሕፃን ስጠብቅ ኖሬ፣ ጠባቂ መስዬ አደጋ ነበርኩ ማለት አልዋጥልሽ አለኝ። ስለዚህ ላሳይሽ ተነሣሁ። መሳሳትሽን።

ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። ጆሮዋን ማመን አቃታት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ሲስተር፣ በየጠዋቱ?" አለችኝ። "በየጠዋቱ" አልኳት። ከዚያ አብረን አሰናዳነው። ረፋድ ላይ፣ ነርሶች ሁሉ ባሉበት፣ በየማሞቂያው አጠገብ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ፣ እናቶችም በሩ ላይ ተዘጋጅተው። ድሮ የምንጠቀምባቸውን ማሞቂያዎች ከዕቃ ቤት አውጥተን አሙቀን አስቀመጥን። "ዛሬ ማንም ማጠቢያ እንዳይጫን። ምልክት እንዳየን እናቋርጣለን" አለች ሐኪሟ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ተረኛዋ ነርስ "ዛሬ እንግዲህ ልጆቹ እንደቆሸሹ ሊውሉ ነው" ብላ አሳቀችን። እኔም ለአንቺ የምጽፈውን በልቤ መደርደር ጀምሬ ነበር። ከዚያ የመስኮቱ ጥግ ያለው ማሞቂያ ሙቀቱ ከፍ አለ። "ቆይ፣ ትመልሰዋለች" አልኩ። መለሰችው፤ አብዝታ። ከልክ በታች ወረደ። ጎረቤቱ ደግሞ ወጣ። የእሱን ስትመልስ ሦስተኛው ወረደ። ሐኪሟ "አቋርጡ" ለማለት አፏን ስትከፍትና ተረኛዋ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ስትደርስ ክፍሉ በሙሉ ተያይዞ ነበር።

አላርሙ ጮኸ። ምን እንዳስደነገጠኝ ታውቂያለሽ? ከመካከላችን ድምፁን ያወቀው ሰው አልነበረም። ከእነዚህ ማሽኖች ሰምተነው አናውቅማ። አንዷ ነርስ የመኪና መስሏት በመስኮት ለማየት ዞረች። አንደኛዋ ስልኳን ፈተሸች። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይጮሁ ጀመር።

ልጆቹን እያወጣን እናቶቻቸው ደረት ላይ ለጠፍናቸው። ከሁሉ የምታንሰዋ፣ ክብደቷ ከአንድ ጥንድ ጫማ የማይበልጠው፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ኦክስጅን ሰጥተን ጀርባዋን አሸሁት፤ ከዚያ እግሯን። እናቷ ዓይኖቿን አፌ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ልጅቷ ስታለቅስ እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ለማንም አልነገርኩም። አላርሙ እንደጮኸ እጄ ወደ "ማጠቢያ" ሄደ። ማንም ሳያዘው፣ እኔም ሳላዘው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ከማረፉ በፊት ሐኪሟ አንጓዬን ያዘችው።

ሳቂታው ራሱ በማግስቱ ከች አለ። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስቀመጡኝ። "እናቴ፣ ማሽኑን ያበላሹት እርስዎ ነዎት" አለኝ በዚያ ፈገግታው። "በሥራው ጣልቃ ባይገቡ ኖሮ ደህና ይማር ነበር።"

"እንግዲያው ነገ ያለ እኔ አስነሣው" አልኩት። "የራስህ ሕፃን ካለ አምጥተህ አስተኛበት፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን አጣምሬ አያለሁ።"

ፈገግታው የት እንደገባ እንጃ። ዳይሬክተሩ ግን ከእሱ ጋር ነው። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ሽልማቱም ቀርቷል። ልጆቹ በድሮዎቹ ማሞቂያዎች ናቸው፤ ነርሶቹ በየተራ ሙቀት እየለኩ ይውላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚህ ወር መጨረሻ ድርጅቱ የሁሉንም ሆስፒታሎች ሰዎች ሰብስቦ ነገሩን ሊዘጋ ነው። የመጀመሪያዋ ሠሪ ነሽና አንቺንም ይጠሩሻል። ጥፋቱ የአንዲት ነርስ ጣልቃ ገብነት ነው ብለሽ ከፈረምሽ ሥራሽን እንደሚመልሱልሽ ሳቂታው ከቢሮው ሲወጣ በጆሮዬ ነገረኝ። ፈርሚ። እኔ ያው ጡረተኛ ነኝ። የአንቺ ስም ገና ብዙ መንገድ ይሄዳል።

አክስትሽ


ጥር 28

ለአክስቴ፤

ትከሻሽ ላይ የተጫነው ሁሉ ይውረድልሽ፤ እኔ ከጫንኩት በቀር። የእኔን ትንሽ ተሸከሚ።

ስብሰባው ትናንት ነበር። በዚያው በሳቁብኝ አዳራሽ፣ በዚያው ግድግዳ። ልዩነቱ ግድግዳው ላይ በዚህ ጊዜ መስመር ሳይሆን ፊቶች መኖራቸው ነው፤ የየሆስፒታሉ ማሞቂያ ክፍል ኃላፊዎች በስክሪን ተሰልፈዋል። ሳቂታው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው። "ጥፋቱ በአንድ ሆስፒታል ብቻ፣ በአንዲት ነርስ ያልተመዘገበ ጣልቃ ገብነት የተፈጠረ ነው፤ በሌሎቹ ምርቱ የተረጋጋ ነው።" ከዚያ ብዕር ወደ እኔ ገፋ።

ብዕሩን አላነሣሁትም። "የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው" አልኩ። "አክስቴ ጣልቃ ገብታለች። ያለ እሷ ጣልቃ ገብነት ዓመቱን የማይጨርሱ ልጆች ነበሩ። ሁለተኛውን ግማሽ የምፈርመው ከናንተ አንዱ አሁን፣ እኔ ፊት፣ ለነርሶቹ 'ነገ ጠዋት ማንም ማሞቂያ እንዳይነካ' ብሎ ካዘዘ ነው። ምርቱ የተረጋጋ ከሆነ ምን ቸገራችሁ?"

ያዘዘ የለም። ሳቂታው "ይሄ ለማስፈራራት ነው" አለ። ያን ጊዜ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት አሮጊት ነርስ ድምፅዋን ከፈተች።

"እኛ ማጠቢያ አንጫንም" አለች።

በቃ፣ አበቃልኝ ብዬ ነበር።

"እኛ ሙቀቱ ሲበዛ የማሞቂያውን በር ነው ገርበብ የምናደርገው" አለች።

ከዚያ ሌላዋ "እኛ ሙቀቱ ሲወርድ መስታወቱን በፎጣ እንሸፍናለን" አለች። ቀጥሎ አንድ ወጣት ነርስ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "የሙቀት መለኪያውን ከልጁ ላይ አንሥተን ብብታችን ውስጥ እንይዘዋለን። እስኪረጋጋ" አለ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ። "ለምን?" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተራቸው ከጎኑ። "አላርም በጮኸ ቁጥር እርስዎ ቢሮ ስለምንጠራ" አለው ወጣቱ። መነጽር የሰቀለችው ደግሞ "እኔን ከዚህ በፊት በነበረው ማሽን ሦስት ጊዜ ጮኾብኝ አስጠንቅቀውኛል፤ አራተኛውን አልጠበቅኩም" አለች።

እየተቀባበሉ ተናገሩ። ሁሉም ጋ ነበር። ያንቺን ክፍል የያዘው ፍቅር፣ የእነሱን የያዘው ፍርሃት። አንዳቸውም ስለሌላው አያውቁም። እኔ ምራት በአንቺ እጅ የቆመች መስሎኝ ነበር፤ በመቶ እጅ ነው የቆመችው፤ እያንዳንዱም ብቻውን ያለ ይመስለው ነበር። ይህን እኔም አልቀመርኩትም። ስሌቴ ውስጥ ሰው የሚባል ነገር አልነበረም። ልክ ነበርኩ፤ ግን ምን ያህል ነገር ሳላይ ልክ እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳቂታው መነጽሩን አውልቆ "ሁላችሁም?" አለ። ወረቀቱን ራሱ ነው ያጠፈው።

ምራት ራሷን መለወጧን ከትናንት ጀምሮ አቁመውታል። ወደ መጀመሪያው ሁኔታዋ የምትመለሰው አንድ ማሞቂያ በአንድ ጊዜ፣ በቀን፣ ሰው ቆሞባት ነው። አላርም በመጮኹ ማንም ነርስ እንዳይጠየቅም ተስማምተዋል፤ ይህን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሲጨቃጨቁኝ አመሹ። እኔንም "ተመለሺ" አሉኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ የሳቁት ሁሉ ባሉበት "ልክ ነበርሽ" ይባልልኝ አልኳቸው። እያሰቡበት ነው። ቢሉኝ እንኳ መመለሴን እኔ እያሰብኩበት ነው።

ፈርሚ ያልሽኝን አልፈረምኩም። ለፍቅር ተብሎ መዋሸት በቤታችን በአንቺ ይብቃ። ደግሞ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አንድ ክረምት ሙሉ "ምናልባት እውነትም ሒሳብ አልችልም" እያልኩ ተኝቻለሁ። እሱ ገና አልወጣልኝም። ያቺ ትንሿ ልጅ ግን እንዴት ሆነች?

ልጅሽ


የካቲት 11

ለልጄ፤

ያሰብሽው ይሳካ፤ ካልተሳካም በሌላው ይካስሽ። ትንሿ ልጅ ከጫማው ጥንድ ከብዳለች። እናቷ ትናንት አልብሳ ወሰደቻት።

እገዳዬን አንሥተውልኛል። ሽልማት የለም፤ ይቅርታም የለም። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ጣራውን ያያል። በጡረታ እስክሸኝ የቀረችኝን ጊዜ ነርሶቹን ሌላ ሥራ እያስለመድኳቸው ነው። አላርሙ ሲጮህ አንዲት ልጁን ታያለች፣ አንዲት የሆነውን ትጽፋለች፣ ከዚያ ነው ማስተካከል። ትናንት ጮኸ። አዲስ የገባች እናት ተርበድብዳ እጄን ያዘችኝ። "ይጩህ" አልኳት። "እዚህ ቤት እኛን የሚያስፈራን የማይጮኸው ነው።" ዳይሬክተሩ ሰው ልኮ "ምን ሆናችሁ ነው፣ ጫጫታው በዛ" አለን። ተረኛዋ ነርስ "እየሠራን ነው በሉት" አለች።

ፎቶሽን ከግድግዳው አንሥቼዋለሁ። አፍሬብሽ አይደለም። ለሚገቡት እናቶች "የእኔ ልጅ ናት የሠራቻት" ማለት ስለማልችል ነው፤ እንዲህ ስል ማንንም ከመጠየቅ እከለክላቸዋለሁ።

ስለ ክረምቱ ያልሽውን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መልስ ጀምሬ ቀደድኩት፤ የአንቺ ቅርጫት ብቻ አይደለም የሚሞላው። በወረቀት ላይ "ይቅር በዪኝ" ብል ደጃፍሽ ድረስ ትደርሳለች፤ እዚያ ግን አንቺ ብቻሽን ታነቢያታለሽ፤ ወለሉም እየተንቀጠቀጠ። እኔ እንደዚያ አልፈልግም። ቁጣሽንም ከእንግዲህ በፖስታ አትላኪልኝ። ይዘሽው ነይ። ወጥ ቤት ወንበር አለ፤ ተቀምጠሽ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። ዝም ብዬ እሰማሻለሁ ግን እንዳልልሽ፤ የምመልስልሽ አለኝ።

አክስትሽ